ስቅታው፣ ጨጓራውና የአንጎል የውሃ በሮች

ታናሽ እህቴን ስቅታ የያዛት በአንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲሆን የለቀቃት ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሳቅንባት፤ ውሃ ሳትተነፍስ እንድትጨልጥ፣ ትንፋሿን እንድትይዝ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር እንድትቅም አደረግናት፤ የጎረቤት ልጅም ከበር ኋላ ተደብቆ ሊያስደነግጣት ሞከረ። በአራተኛው ቀን ትውከት ተጨመረበት፤ የበላችው አልረጋ አላት፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። የሄድንበት ክሊኒክ የነገረን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ ሊገምተው የሚችለውን ነው፤ ጨጓራ። ምርመራው የጨጓራ ባክቴሪያ አለባት ስላለ አንቲባዮቲክና ኦሜፕራዞል ታዘዘላት፣ በርበሬና ቡናም ተከለከለች። እኛም አመንን፤ በአገራችን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ መጀመሪያ ጨጓራ ነውና። ስቅታው በራሱ ጊዜ ሲያቆምም ምስጋናው ለመድኃኒቱ ሆነ።

ከሦስት ወር በኋላ ከእናታችን ጋር ተቀምጣ በርበሬ ስትቀነጥስ ቀኝ ዓይኗን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ከውስጥ እንደሚያማት ተናገረች። ግራ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ሰፌዱ ላይ የተሰጣውን በርበሬ ስታየው ቀይ መሆኑ ቀርቶ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ መሰላት፤ እጇን ስታነሳ ቀላ፤ መልሳ ስትሸፍን ገረጣ። ይህንን ሦስት አራት ጊዜ እየደጋገመች ስታሳየን ነገሩ ጨዋታ ይመስል ነበር። በሳምንቱ ቀኝ ዓይኗ ማየት አቆመ፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ እግሮቿ ከዱ፣ ሽንቷም አልወጣ አላት። የኤምአርአይ ምስሉ ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ደረቷ መሃል በኅብለ ሰረሰሯ ውስጥ የተዘረጋ ረጅም ነጭ ጥላ አሳየ። ምስሉን ያየችው የነርቭ ሐኪም ስለ ዓይኗም ሆነ ስለ እግሯ ከመጠየቋ በፊት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከዚህ በፊት ሳያቋርጥ ለቀናት የቆየ ስቅታ ወይም ትውከት ይዟት ያውቃል?» አለችኝ። ስቅታውን ለእሷ የነገራት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ ለጤና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። አኳፖሪን የሚባሉትን የውሃ መተላለፊያ ፕሮቲኖች በየዓመቱ የኩላሊት ምዕራፍ ላይ ስደርስ በሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ሽንት እንዲጠብቅና እንዲቀጥን በሚያደርገው፣ ጀምሬ በእሱው እጨርሳለሁ። አራተኛው ዓይነት አንጎል ውስጥ እንደሚገኝ በአንድ መስመር ጽፌ አልፈዋለሁ፤ ለፈተናም አውጥቼው አላውቅም። የእህቴን ዓይን፣ ኅብለ ሰረሰርና ስቅታ በአንድ ክር ያሰረው ያ ያለፍኩት መስመር መሆኑን የተረዳሁት ሐኪሟ ስሙን በወረቀት ላይ ጽፋ ስትሰጠኝ ነው።

ነገሩ ከደም ይጀምራል። ውሃ በሕዋስ ሽፋን ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ለረጅም ጊዜ ክርክር ነበረበት። ሽፋኑ ከስብ የተሠራ በመሆኑ ውሃ በዝግታ ሰርጎ ሊያልፍበት ቢችልም፣ ቀይ የደም ሕዋስና የኩላሊት ቱቦ ውሃ የሚያስተላልፉበት ፍጥነት በስርገት ብቻ የሚገለጽ አልነበረም፤ ያ ፍጥነት በሜርኩሪ መታገዱም አንድ የተለየ በር መኖሩን ያመለክት ነበር። በሩን ያገኘው ግን ሲፈልገው የነበረ ሰው አይደለም። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የደም ሐኪም የነበረው ፒተር አግሬ የአርኤች የደም ዓይነትን ፕሮቲን ሲያጣራ፣ ክብደቱ 28 ኪሎዳልተን የሆነ ያልጠበቀው እንግዳ ፕሮቲን በናሙናው ውስጥ ደጋግሞ አገኘ። ለብዙ ሰው አሳየው፤ የሚያውቀው ጠፋ። ከቤተሰቡ ጋር ለሽርሽር ወጥቶ ሲመለስ በሰሜን ካሮላይና ጎራ ብሎ ያነጋገረው የቀድሞ መምህሩ ጆን ፓርከር ግን ይህ የሚፈለገው የውሃ ቦይ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመው።

ማረጋገጫው እስከ ዛሬ ለተማሪ ስነግረው ደስ የሚለኝ ሙከራ ነው። የእንቁራሪት እንቁላል ኩሬ ውስጥ ተጥሎ የማይፈነዳው ሽፋኑ ውሃ ስለማያስገባ ነው። የአግሬ ቡድን ይህን ፕሮቲን የሚያሠራውን አርኤንኤ በእንቁላሎቹ ውስጥ ወጋና ጨው ባነሰበት ውሃ ውስጥ ከተታቸው። ያልተወጉት እንዳሉ ሲቀመጡ የተወጉት በደቂቃዎች ውስጥ አብጠው ፈነዱ። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሮደሪክ ማኪነን ጋር ተጋርቷል። ከዚያ በኋላ በሰው ልጅ ውስጥ አሥራ ሦስት ዓይነት አኳፖሪኖች ተቆጥረዋል። የመጀመሪያው ዓይነት አንዷ ቦይ በሰከንድ ሦስት ቢሊዮን ያህል የውሃ ሞለኪውሎችን በነጠላ ሰልፍ ታሳልፋለች፤ የአሲድን ቅንጣት፣ ፕሮቶንን፣ ግን አታሳልፍም። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ቦዩ ውሃን አይገፋም፣ አይስብም። ውሃው በየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ያሳልፈዋል። የቀረው ታሪክ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

አራተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1994 ከተለየ በኋላ በአንጎል ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ሲታይ አቀማመጡ የሚያስገርም ሆነ። የነርቭ ሕዋሳት ላይ የለም። ያለው አስትሮሳይት በሚባሉት ኮከብ መሰል ደጋፊ ሕዋሳት ላይ ነው፤ በእነሱም ላይ ቢሆን በመላ አካላቸው እኩል አልተሰራጨም፣ የደም ሥሮችን በሚያቅፉት የእግሮቻቸው ጫፎችና ከአንጎል ዙሪያ ፈሳሽ ጋር በሚዋሰኑበት ገጽ ላይ ተከማችቷል። በአጭሩ ደምና አንጎል፣ ፈሳሽና አንጎል በሚገናኙበት ድንበር ሁሉ ላይ ይገኛል። በነዚያ እግሮች ሽፋን ላይ ደግሞ አራት አራት እየሆኑ የተጣመሩት ፕሮቲኖች እንደ ንጣፍ ድንጋይ በረድፍ ይደረደራሉ። በ1970ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሠሩ ሰዎች እነዚህን ንጣፎች አይተው ፎቶ አንስተዋቸዋል፤ ከምን እንደተሠሩ ግን ለሃያ ዓመት ያህል አልታወቀም።

አንጎል አጥንት ውስጥ የተዘጋ አካል ነው። ከክብደቱ አምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ሲሆን የራስ ቅሉ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጥቂት ውሃ ሲጨመርበት ግፊቱ ይወጣል፣ ደም መግባት ይቸግረዋል፣ በመጨረሻም የአንጎል ግንድ ወደ ታች ተገፍቶ ትንፋሽ ይቆማል። በስትሮክም ሆነ በጭንቅላት ጉዳት ብዙ ሕመምተኛ የሚሞተው በመጀመሪያው ጉዳት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በሚመጣው እብጠት ነው። ጥያቄው ይህ ውሃ የሚገባው በየትኛው በር ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ የጄፍሪ ማንሊና የአለን ቨርክማን ቡድን አራተኛው አኳፖሪን የሌላቸውን አይጦች ከጤነኞቹ ጋር አነጻጸረ። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል እብጠት ፕሮቲኑ በሌላቸው አይጦች ላይ በ35 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ደም ያጣ ሕዋስ ጨውን ለማስወጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ያልቅበታል፣ ጨው ውስጡ ይከማቻል፣ ውሃም በተከፈተው በር ጨውን ተከትሎ ይገባል። በሩ ከሌለ መግባቱ ይዘገያል።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ፈልጎ ነገሩን መጨረስ ነበር፤ ብዙዎችም እንዲያ አስበው ነበር። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ያው ቡድን ሌላውን ዓይነት እብጠት ፈተነ። በዚህኛው ውሃው ሕዋስ ውስጥ አይደለም የሚገባው፤ የደም ሥሩ ግድግዳ ስለተጎዳ ፈሳሹ ሾልኮ በሕዋሳት መካከል ይጠራቀማል። ዕጢ ያለበት አንጎል በብዛት የሚያብጠው በዚህ መንገድ ነው። ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች በዚህኛው ፈተና የባሰ ሆኑ፤ በራስ ቅላቸው ውስጥ ያለው ግፊት ከጤነኞቹ ይልቅ ከፍ አለ። የተጠራቀመው ውሃ ተመልሶ የሚወጣውም በዚያው በር ነበርና። እንግዲህ በስትሮኩ የመጀመሪያ ሰዓት በሩን የዘጋ ሐኪም በሦስተኛው ቀን እንዲከፈትለት ሊለምን ነው። እስከ ዛሬ አራተኛውን አኳፖሪን የሚዘጋ መድኃኒት ለሕክምና ተፈቅዶ ሐኪም ቤት አለመግባቱ ሳይንቲስቶች ስለሰነፉ አይመስለኝም። በየሐኪም ቤቱ የሚሰጠው ማኒቶል በሩን አይነካም፤ ደሙን በስኳር መሰል ነገር አጥብቆ ውሃው ራሱ አንጎልን ለቅቆ ወደ ደም እንዲሄድ ያደርጋል፣ ያ ብቻ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአንጎል ወባ ነው። በማላዊ በብላንታየር ከተማ ቴሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ በአንጎል ወባ የታመሙ 168 ሕፃናትን በኤምአርአይ አይተው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከሞቱት 25 ሕፃናት 21ዱ አንጎላቸው እጅግ ያበጠ ነበር፤ ከተረፉት 143 ውስጥ ግን እንዲያ ያበጠባቸው 39 ናቸው። ፒተር አግሬ ከኖቤል በኋላ የጆንስ ሆፕኪንስን የወባ ምርምር ተቋም ሲመራ ይህንኑ በር ከወባ ጋር አገናኝቶ መርምሯል። አራተኛው አኳፖሪን የሌላቸው አይጦች በወባ ሲያዙ ሕመሙ ጸናባቸው እንጂ አልቀለለላቸውም። በወባ ወገን በሩ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ እንቅልፍም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከሁለት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ደርሶኛልና። እ.ኤ.አ. በ2012 የማይከን ኔደርጋርድ ቡድን በሮቼስተር የአንጎል ፈሳሽ በደም ሥሮች ዙሪያ ገብቶ ቆሻሻን እያጠበ እንደሚወጣና በዚህ ሂደት አራተኛው አኳፖሪን ድርሻ እንዳለው አቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እጥበቱ በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚፈጥን ጻፈ። በአልዛይመር ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ፕሮቲኑ ከደም ሥሮች ዙሪያ ካለው ቦታው ተበትኖ መገኘቱ ሐሳቡን አጠናክሮታል። ሆኖም በ2017 የቨርክማን ቡድን የፕሮቲኑን ድርሻ ተቃወመ፣ በዓመቱ አምስት ቤተ ሙከራዎች በጋራ የኔደርጋርድን ሐሳብ ደገፉ፣ በ2024 ደግሞ ሌላ ቡድን በእንቅልፍ ጊዜ እጥበቱ እንዲያውም ይቀንሳል አለ። ክርክሩ ገና እንደሞቀ ስለሆነ «ካልተኛችሁ አንጎላችሁ በቆሻሻ ይሞላል» የሚለውን ቪዲዮ ወደ እኔ መላክ ይቁምልኝ።

ወደ እህቴ በሽታ ልመለስ። ኤዠን ዴቪክ የተባለ የሊዮን ሐኪም ከተማሪው ፈርናንድ ጎ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 ዓይንንና ኅብለ ሰረሰርን አብሮ የሚያጠቃ በሽታ ገለጸ፤ ስሙም ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው ሌላ የነርቭ በሽታ አንድ መልክ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ነው በሚል ሲያከራክር ኖረ። ክርክሩን የፈታው በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የቫንዳ ሌነን ቡድን ነው። በ2004 በነዚህ ሕመምተኞች ደም ውስጥ በመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞች ላይ የማይገኝ አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የሚያበጀው ፕሮቲን፣ አገኙ። ይህ አንቲቦዲ በአይጥ አንጎል ላይ ሲፈስ በጥቃቅን ደም ሥሮች ዙሪያ ይጣበቃል፤ ከአንጎል ውጭ ደግሞ በኩላሊት ቱቦዎችና በጨጓራ ግድግዳ ላይ ይይዛል። ጨጓራ የሚለውን ሳነብ ትንሽ ቆምኩ። በሦስቱም ቦታ ያለው ፕሮቲን ማን ነው ተብሎ ሲፈለግ መልሱ አራተኛው አኳፖሪን ሆነ፤ በ2005 ይህ ታተመ። እኔ ኩላሊት ላይ ጥዬው ያለፍኩት ቤተሰብ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያበጀው አንቲቦዲ ከአስትሮሳይቱ ውጭ ባለው የቦዩ ገጽ ላይ ይጣበቃል። ቦዮቹ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ተጠጋግተው የተደረደሩ ስለሆነ አንቲቦዲዎቹም ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ኮምፕሊመንት የሚባለው በደም ውስጥ የሚዞር የፕሮቲን ሠራዊት የሚነሳው ደግሞ ተጠጋግተው የቆሙ አንቲቦዲዎችን ሲያገኝ ነው። ኮምፕሊመንቱ አስትሮሳይቱን ቀዳዳ እያበጀ ይገድለዋል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ፣ በዙሪያው ያለው የነርቭ ሽፋንና ነርቩ ራሱ በተከታይነት ይወድማሉ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የነርቭን ሽፋን ሲያጠቃ ይህኛው የደጋፊውን ሕዋስ በር ያጠቃል። ልዩነቱ የመጽሐፍ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡት ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ይህንን በሽታ እንደሚያብሱ ታይቷል። በሽታውን በስሙ አለመጥራት መርዝ ማዘዝ ሊሆን ይችላል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስቅታውስ? በአንጎል ግንድ ጀርባ፣ አራተኛው የአንጎል ፈሳሽ ክፍል ወለል ላይ፣ ትውከትን የሚቀሰቅስ ትንሽ ቦታ አለ። ሥራው በደም ውስጥ መርዝ መኖሩን መቅመስ ስለሆነ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር እዚያ ላይ ላላ ያለ ነው፤ አራተኛው አኳፖሪንም በብዛት አለበት። በሌላው አንጎል አጥሩ የሚከለክለው አንቲቦዲ እዚያ በቀላሉ ይደርሳል። ስለዚህ አንዳንድ ሕመምተኛ ዓይኑ ሳይታመም፣ እግሩ ሳይዝል፣ ለቀናት በማያቋርጥ ስቅታና ትውከት ይጀምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛም ይህን ከስድስቱ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። በእርግጥ ስቅታ የያዘው ሰው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ በሽታው ብርቅ ነው። ሆኖም አንቲቦዲው ካለባቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል፣ ሴቶች ናቸው፤ የአፍሪካና የምሥራቅ እስያ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይም ከአውሮፓውያን ይልቅ ይበዛል። ያ የክሊኒክ ሠራተኛ ይህን ማወቅ ነበረበት ብዬ አልፈርድም፤ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ሳላውቅ በምን አፌ።

የእህቴ ደም ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሐኪሟ ግን ውጤቱን አልጠበቀችም። በመጀመሪያው ቀን ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ በደም ሥር ጀመረችላት፤ ዘግይቶ የተሰጠ መድኃኒት የሞተውን አስትሮሳይት አያስነሳምና። ለወደፊት እንዳይመለስባት አንቲቦዲ ለሚያመርቱ ሕዋሳት እናት የሆኑትን የደም ሕዋሳት የሚያጠፋ ሪቱክሲማብ በየስድስት ወሩ ትወስዳለች። ኮምፕሊመንቱን ራሱን የሚያግደው ኤኩሊዙማብ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት በሽታው የተመለሰባቸውን ሰዎች ከ43 በመቶ ወደ 3 በመቶ አውርዷል፤ ዋጋው ግን በዓመት በመቶ ሺህዎች ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ እኛ ቤት ስሙ እንደ ተረት ነው የሚነሳው። ኮምፕሊመንት የታገደበት ሰው በማጅራት ገትር ባክቴሪያ በቀላሉ ስለሚጠቃ ሳይከተብ አይጀምረውም፤ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በሚመላለስበት አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ውጤቱ የመጣበት ወረቀት አንድ ገጽ ነው። ከብዙ ቁጥር በታች «የአኳፖሪን 4 አንቲቦዲ፤ ፖዘቲቭ» ይላል። ዘንድሮ የኩላሊት ምዕራፍ ላይ ስደርስ የእህቴን ስም ሸፍኜ ያንን ወረቀት ለክፍሉ አሳየሁት፤ አንድ ሰዓት የነበረው ትምህርት ሁለት ሰዓት ሆነ።

እህቴ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ቀኝ ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ይለያል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ድንገት ስቅ አላት። እናታችን የጠቀለለችውን እንጀራ መሶቡ ላይ መለሰች፤ እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ማንም አልተናገረም። ስቅታው ሦስት ጊዜ ተደጋገመ፣ አራተኛው ቀረ። ትንሽ ጠበቅን። ከዚያ ውሃዋን አንስታ ጠጣችና፣ «ኧረ ወንድም ጋሼ፣ በርበሬው ነው፤ ብሉ» አለች።